ከሲዲው ጀርባ ያሉት ስሞች፦ አምስት ቀን በቺካኖ ራፕ መንገድ

የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ 31 የቺካኖ ራፕ ሲዲ አለ። የሰጠኝ ልጅ ሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሌሊት የሠራ ነው። ቦይል ሃይትስ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ። ራሱን ቺካኖ ይላል። ቺካኖ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የሜክሲኮ ልጆች የሚጠሩበት ስም ነው። ድሮ መናቂያ ነበር፤ በ1960ዎቹ ወጣቶቹ ራሳቸው አነሱትና መኩሪያ አደረጉት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ካርቶኑን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ "ከኔ ሌላ ጀርባውን የሚያነብ ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ካሴት ሲገዛ ከዘፈኑ በፊት ወረቀቱን ነበር የማወጣው። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ማን ከማን ጋር እንደሠራ ሳላውቅ ሙዚቃው ራሱ ጎደሎ ይመስለኝ ነበር። የነዚህ ሲዲዎች ጀርባ ደግሞ ስም በስም ነው። አሥራ ስድስት ዘፈን ካለ አሥራ ሁለቱ ላይ እንግዳ ራፐር አለ። ከእያንዳንዱ ስም ኋላ ደግሞ አንድ ሰፈር አለ። ስለዚህ አምስት ቀን ዕረፍት ጠየቅኩ፣ ካርቶኑን ጋቢና አስቀመጥኩ፣ ስሞቹን ተከትዬ ወጣሁ።

ቀን አንድ፣ ዓርብ፦ ከፌርፋክስ ወደ ፒኮ ዩኒየን

ጠዋት ፌርፋክስ ላይ ፍርፍር በልቼ ተነሳሁ። ከተማው ሊትል ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለዚህ ሰፈር የሰጠው በ2002 ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ፒኮ ጎዳና አለ። በፒኮ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ፣ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ ፒኮ ዩኒየን ይደርሳሉ። ስንት ዓመት በዚህ ጎዳና ተመላልሻለሁ። የሳይኮ ሪልም ሰፈር መሆኑን ግን ያወቅኩት ከሲዲው ነው።

ሳይኮ ሪልም የሁለት ወንድማማቾች ቡድን ነው፣ የጃከንና የዱክ። ሳይፕረስ ሂል የሚባለው ታዋቂ የራፕ ቡድን አባል ቢ ሪያል ተጨመረበትና በ1997 የመጀመሪያ አልበማቸው በትልቅ ኩባንያ በኩል ወጣ። ያኔ መንገዱ የተከፈተላቸው ይመስል ነበር። በ1999 ግን ዱክ ተተኮሰበት። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ብዙ ቡድን ይበተናል። እነሱ ግን በ2000 "ኤ ዎር ስቶሪ" የሚለውን አልበም፣ አንደኛ መጽሐፍ ብለው፣ በራሳቸው አወጡት። የዱክ ድምፅ አለበት። ሁለተኛው መጽሐፍ በ2003 ተከተለ።

የሚሉት ነገር ቀላል አይደለም። ስለ ፖሊስ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ድሃ ሰፈር ላይ ስለሚካሄድ ጦርነት ነው። ይህን ሰፈር የሚጠብቀው የራምፓርት ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ እዚያ የነበሩ አንዳንድ ፖሊሶች በሰው ላይ ማስረጃ ይፈበርኩ እንደነበር የወጣውም በዚያው ዱክ በተመታበት ጊዜ አካባቢ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ግጥሙ የማጋነን መስሎ አልተሰማኝም።

መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ዞርኩ። ዛሬ ሰፈሩ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች የበዙበት ነው። ፑፑሳ የሚባል የታጨቀ የበቆሎ ቂጣ የሚጋግሩ ሴቶች፣ የተቆረጠ ማንጎ ላይ ሚጥሚጣ መሳይ ነገር ነስንሰው የሚሸጡ ጋሪዎች። ማንጎ ገዝቼ ግድግዳ ተደግፌ የሲዲውን ወረቀት ዘረጋሁ። ስትሪት ፕላቱን የሚባል ሌላ ቡድን ስም ተደጋግሞ ይመጣል። ሁለቱ ቡድኖች ኋላ ላይ ሲክ ሲምፎኒስ የሚል አንድ ጥላ ሥር ገብተው አብረው ሠርተዋል። በ2007 ደግሞ ጃከን ከሳይፕረስ ሂሉ አቀናባሪ ከዲጄ ማግስ ጋር ሙሉ አልበም አወጣ።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቃል ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ አብሬህ አርሳለሁ፣ ነገ የኔን ታርስልኛለህ። ገንዘብ አይከፋፈሉም፣ ጉልበት ነው የሚለዋወጡት። እኔ ባንተ አልበም ላይ አንድ ግጥም እላለሁ፣ ያንተ ሰፈር ልጆች ድምፄን ይሰማሉ፤ አንተ በኔ ላይ ትላለህ፣ የኔ ሰፈር ልጆች ያንተን ሲዲ ይገዛሉ። ማስታወቂያ የሚከፍልላቸው፣ ሬዲዮ ላይ የሚያስገባቸው ኩባንያ አልነበራቸውም። ወንፈሉ ነበር ማስታወቂያቸው።

እኛ ዘንድ የሎስ አንጀለሱን ራፐር ኒፕሲ ሃስልን የማያውቅ የለም፤ አባቱ ኤርትራዊ ስለሆነ እንደ ዘመድ ነው የምናየው። በ2013 "ክሬንሾው" የሚለውን ሥራውን 1000 ኮፒ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሲሸጥ ሁላችንም ጉድ ብለናል። መባልም ይገባዋል። በዚያችው ከተማ ግን እነዚህ ልጆች ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ሲዲያቸውን ከመኪናቸው የኋላ ኮፈን እያወጡ ሲሸጡ ከኛ መሀል ያስተዋላቸው ስንቱ ነው?

ቀን ሁለት፣ ቅዳሜ፦ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ

ወንዙን ተሻግሬ ቦይል ሃይትስ ገባሁ። ማሪያቺ አደባባይ ላይ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሙዚቀኞች ጊታራቸውን ይዘው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ዊቲየር ቡሌቫርድ። ዊቲየር ማለት ሎውራይደር የሚንሸራሸርበት ጎዳና ነው። ሎውራይደር ከመሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ አሮጌ መኪና ነው፤ በቀስታ ነው የሚነዳው፣ እንዲታይ።

ራፐሩ ኪድ ፍሮስት በ1990 "ላ ራዛ"ን ያወጣው ለዚህ ሰፈር ነው። ላ ራዛ፣ ወገን እንደ ማለት። ቺካኖ ራፕን አገር ያወቀው በዚህ ዘፈን ነው። አልበሙ በትልቅ ኩባንያ ስለወጣ ካርቶኔ ውስጥ ካሉት ጋር ላይመደብ ይችላል፤ ሥሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን አይቻልም። ከበስተጀርባ ያለው ሙዚቃ ኤል ቺካኖ የሚባል የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ባንድ በ1970 የተጫወተው "ቪቫ ቲራዶ" ነው። እሱም የራሳቸው አይደለም። የጻፈው ጄራልድ ዊልሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ሰው ነው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከበሬ ጋር ለሚፋለም ለአንድ ሜክሲኳዊ ማስታወሻ። ሚስቱም ሜክሲካዊት አሜሪካዊት ነበረች። እስቲ አስቡት። አንድ ጥቁር ሰው ለሜክሲኳዊ የጻፈውን ዜማ የቺካኖ ልጆች ተቀበሉት፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ራፐር ተናገረበት። ማንም ማንንም ስቱዲዮ ሳይጠራ የተሠራ ወንፈል ነው። የፍሮስት ልጅ ስኩፕ ዴቪል ደግሞ አድጎ አቀናባሪ ሆነ፤ ታዋቂው ራፐር ኬንድሪክ ላማር በ2012 ያወጣው "ፖዬቲክ ጀስቲስ" የሱ እጅ ሥራ ነው።

በመንገዴ ላይ ሩበን ሳላዛር ፓርክ ገባሁ። በነሐሴ 29፣ 1970 የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ ቺካኖዎች ሰልፋቸውን ያደረጉት እዚህ ነበር። ፖሊስ በተናቸው። ጋዜጠኛው ሳላዛር በዚያ ቀን ዊቲየር ላይ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ ፖሊስ በተኮሰው የአስለቃሽ ጭስ ቀፎ ተመትቶ ሞተ። ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። ትንሽ ተቀምጬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስዋፕ ሚት ሄድኩ። እንደ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ ጫማውም፣ ድስቱም፣ ዶሮውም የሚሸጥበት። የካሊፎርኒያ ራፕ ከዚህ ገበያ ነው የወጣው ብል አልዋሸሁም። ስቲቭ ያኖ የሚባል ሰው በ1980ዎቹ ቶራንስ በሚገኘው ሮዲየም ገበያ ላይ ድንኳን ነበረው፤ ኋላ ታዋቂ የራፕ አቀናባሪ የሆነው ዶክተር ድሬ ገና ስሙ ሳይገን የሠራቸውን ካሴቶች ይሸጥ ነበር። የኔዋ ሻጭ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሲዲ ደርድረዋል፣ አንዱ 5 ዶላር። ሽፋኖቹ ይመሳሰላሉ፦ ራሰ በራ ልጅ፣ ጥቁር መነጽር፣ ከኋላ መኪና፣ ስሙ በጥንታዊ የጎቲክ ፊደል።

ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ካርቶን አየሁ።

"እነዚያስ?" አልኳቸው።

"የሰሜኖቹ ናቸው። የሳን ሆሴ፣ የሳክራሜንቶ። ከነዚህ ጋር ጎን ለጎን አላስቀምጣቸውም፣ ልጄ።"

ወዲያው ገባኝ። በካሊፎርኒያ እስር ቤቶች ውስጥ የተጀመረው የሰሜንና የደቡብ መከፋፈል ወደ ሰፈር ወጥቷል፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ምግብ ያላቸውን ልጆች ያጋድላል። ከሲዲው ጀርባ ያለው የስም ዝርዝርም ይህን ያሳያል። የሳን ዲዬጎ ልጅ ከሎስ አንጀለስ ልጅ ጋር ይዘፍናል፣ ወደ ሳን ሆሴ ግን ብዙም አይዘልቅም። ጉዞዬን ስጀምር የስሞቹን ዝርዝር የወዳጅነት ካርታ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ሴትዮዋ ካርቶኑን በእግራቸው መልሰው ወደ ውስጥ ሲገፉት ሆዴ ተላወሰ።

ቀን ሦስት፣ እሁድ፦ ሪቨርሳይድ

ጠዋት የመኪናዬ ሲዲ ማጫወቻ ሲዲ ጎረሰና አልተፋም አለ። የጎረሰው የኤ ላይተር ሼድ ኦፍ ብራውንን "ብራውን ኤንድ ፕራውድ" ነው፣ የ1990ውን። ደግነቱ የምሄደው እነሱ አገር፣ ሪቨርሳይድ ነው። ወደ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። እየደጋገመ ያንኑ ተጫወተ፣ እኔም አልጠላሁትም።

ሁለት ልጆች ናቸው፤ ኦዲኤምና ዲቲቲኤክስ። ኦዲኤም "ዋን ዶፕ ሜክሲካን" ማለት ነው። ዲቲቲኤክስ ደግሞ "ዶንት ትራይ ቱ ዜሮክስ"፣ ኮፒ ላድርግህ ብለህ አትሞክር እንደ ማለት። በትንሽ አሳታሚ በኩል ወጥተው "ኦን ኤ ሰንዴይ አፍተርኑን" የሚለው ዘፈናቸው በመላ አገሪቱ ሬዲዮ ተሰማ። ዘፈኑ ስለ እሁድ ነው። ሥጋ ይጠበሳል፣ መኪና ይታጠባል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ሥር ያለው ዜማ ያንግ ራስካልስ በ1967 ያወጡት "ግሩቪን" ነው። በዚያ ዘመን ስለ ቺካኖ ልጅ የሚወራው ሽጉጥና እስር ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሁለቱ ስለ እሁድ ከሰዓት መናገራቸው ለኔ ትልቅ ድፍረት ነው። ዲቲቲኤክስ በ2016 አርፏል።

ፌርማውንት ፓርክ ሐይቁ ዳር ቁጭ አልኩ። እሁድ ስለሆነ ጭስ ከየአቅጣጫው ይነሳል። አንድ ቤተሰብ አጠገቤ ልደት እያከበረ ነበር፣ ሕፃናቱ ፒኛታ የሚባለውን ከረሜላ የተሞላ የተሰቀለ አሻንጉሊት በዱላ ይመታሉ። አያትየው ብቻዬን መቀመጤን አይተው በቶርቲያ የተጠቀለለ ሥጋ ላኩልኝ። ሌላ ምንም አልሠራሁም ያን ቀን። መሥራትም አላስፈለገም።

ቀን አራት፣ ሰኞ፦ ሶላና ቢች፣ ከዚያ ሳን ዲዬጎ

በ15 ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ባህሩ። ሶላና ቢች የሀብታም ከተማ ነው። ቤቶቹ ነጭ፣ ባህሩ ሰማያዊ፣ ሰዉ በጠዋት ይሮጣል። መሀሉ ላይ ግን ላ ኮሎኒያ ዴ ኤደን ጋርደንስ የምትባል ትንሽ ሰፈር አለች። በ1920ዎቹ የቆረቆሯት በአካባቢው እርሻና ርስት ላይ ይሠሩ የነበሩ ሜክሲካውያን ናቸው። በእግር ብዙ ሳይቆዩ ተዞራ ታልቃለች። ሊል ሮብ የዚህች ሰፈር ልጅ ነው።

ካርቶኔ ውስጥ አራት የሱ ሲዲ አለ። "ክሬዚ ላይፍ" በ1997፣ "ናቹራል ሃይ" በ1999። ሁለቱም በትንንሽ አሳታሚ የወጡ። በ2005 "ሰመር ናይትስ" ሬዲዮውን ሁሉ ያዘው፤ ያኔም አሳታሚው አፕስቴርስ ሬከርድስ የሚባል ግለኛ ቤት ነበር። አልበሙ "ትዌልቭ ኤይቲን" ይባላል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ትርጉሙን ለማወቅ ብዙ ቆይቻለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አሥራ ሁለተኛው የሊል፣ አሥራ ስምንተኛው የሮብ መነሻ ፊደል ነው። ስሙን በቁጥር ጻፈው ማለት ነው።

ሊል ሮብ አይጮህም። ረጋ ብሎ፣ እንግሊዝኛውን ከስፓኒሽ እያጣፈጠ ያወራል፣ ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቹ ይሰሙት የነበረ ዓይነት የፍቅር ዘፈን ይሄዳል። ሰፈሩ ውስጥ ስዘዋወር ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ በር ላይ ወንበር አለ፣ ከአንዱ ጓሮ የሚወጣ ዘፈን ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። እዚህ ያደገ ልጅ እናቱ የምትሰማውን ሁሉ ሰምቶ ነው የሚያድገው።

ማታ ሳን ዲዬጎ፣ ሲቲ ሃይትስ ገባሁ። የኛ ሰዎች ብዙ ናቸው እዚያ። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ጋሼ ካርቶኑን አይተው፣ "ሙዚቃ ቤት ልትከፍት ነው?" አሉኝ። ነገሩን ሳጫውታቸው አምሃ እሸቴን አነሱ። በ1969 ሸክላ የማሳተሙ መብት የመንግሥት ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ያ ወጣት ሱቁን ይዞ በራሱ ማሳተም ጀመረ። "ባያደርገው ኖሮ የማህሙድን የዚያን ዘመን ድምፅ ከየት እናገኘው ነበር?" አሉ። ከዚያ ሲዲዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ጀርባቸውን በመነጽራቸው ማንበብ ጀመሩ። ስፓኒሹን እንኳ ሳያውቁት።

ቀን አምስት፣ ማክሰኞ፦ ቺካኖ ፓርክና ናሽናል ሲቲ

ቺካኖ ፓርክ ድልድይ ሥር ነው። የሳን ዲዬጎ ኮሮናዶ ድልድይ በ1969 ተከፈተ፤ ምሰሶዎቹ የተተከሉት ፍሪዌይ አስቀድሞ ለሁለት የከፈለው የሎጋን ሰፈር መሀል ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ቦታው መናፈሻ ይሆናል ሲባሉ ቆይተው፣ በሚያዝያ 22፣ 1970 ለፖሊስ ጣቢያ ግንባታ ማሽን ሲገባ አዩ። ወጥተው ቦታውን ያዙ። ተማሪው፣ እናቲቱ፣ ልጁ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማሽኖቹን አስቆሙ። መናፈሻው ተሠራ። ከ1973 ጀምሮ ምሰሶዎቹ ላይ ሥዕል መሣል ተጀመረ፤ በ2016 የአገር ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀና ብዬ እያየሁ አንገቴን አመመኝ። ከላይ መኪና ያጉረመርማል፣ ከታች የአዝቴክ አማልክት፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ ድንግል ማርያም።

ናይትአውልና ሚስተር ሻዶው የሳን ዲዬጎ ልጆች ናቸው፤ ካርቶኔ ውስጥ ስማቸው በራሳቸውም በሌላ ሰውም ሲዲ ላይ ይመላለሳል። አንዱን ኮምፒሌሽን፣ የብዙ ራፐሮች ዘፈን የተሰበሰበበትን ሲዲ፣ ምሰሶ ሥር ተቀምጬ በደንብ አየሁት። ፕላስቲኩ ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቋል፣ በነጭ ፕላስተር ተይዟል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሀሉ ነጭ ሆኗል። ሃያ ሦስት የራፐር ስም አለበት፣ አብዛኛው የትም ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቅ። ሥር ላይ በትንሹ ምስጋና፦ ለእናቴ፣ ለአያቴ፣ እስር ቤት ላላችሁት፣ ለሞታችሁት። የፖስታ ሣጥን ቁጥር። ከዚያ በእስክሪብቶ፣ ምናልባት የጓደኛዬ እጅ ጽሑፍ፣ ከሦስት ስሞች አጠገብ መስቀል ተደርጓል።

ከሰዓት ናሽናል ሲቲ ሄድኩ። የሮዚ ሃምሊን ከተማ ነው። ሮዚ በ1960 ገና 15 ዓመቷ ሳለ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆና፣ ሳን ማርኮስ ውስጥ የአውሮፕላን ማቆሚያ በነበረ ስቱዲዮ፣ "ኤንጅል ቤቢ"ን ቀዳች። ግጥሙን የጻፈችው ራሷ ናት፣ ለወንድ ጓደኛዋ። ሸክላው ሲወጣ ግን ደራሲ ተብሎ የተጻፈው የሷ ስም አልነበረም። ገንዘቧን ለማግኘት ብዙ ዓመት ታግላለች። በ2017 አረፈች። ዛሬም ሎውራይደር ባለበት ሁሉ ይህ ዘፈን ይሰማል። ስም ማስጻፍ ለነዚህ ልጆች ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ታሪክ አላገኘሁም።

ሃይላንድ ጎዳና ላይ ሎውራይደሮች ቆመው ነበር። በ1992 ከተማው እዚህ በመኪና መንሸራሸርን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው በ2023 ነው። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ወይን ጠጅ ቀለም ኢምፓላ መኪናውን በጨርቅ ይወለውላል። ሰላም ብዬው ኮምፒሌሽኑን አሳየሁት። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው።

"ይሄ ፓስተር ሆኗል" አለ በጣቱ እየጠቆመ። "ይሄ አሪዞና ነው፣ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ይሄ ሞተ።" የጣቱ ጥፍር ውስጥ ሰም ገብቶበታል። አራተኛው ስም ላይ ቆመ። "ይሄን ትፈልገዋለህ? ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሥራ ሲወጣ እዚህ ይመጣል። አሁንም ያወጣል።"

ጠበቅኩ። መጣ፣ የግንባታ ቦታ ጫማ አድርጎ፣ አቧራ የለበሰ። ሲዲው ላይ ስሙን ሲያይ ዝም አለ፤ ከዚያ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ከመሣሪያ ሣጥኑ አጠገብ አዲስ ሲዲ አወጣ። አሥር ዶላር ሰጠሁት። አምስቱን ሊመልስልኝ ሲል እንቢ አልኩ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መብራት አብርቼ ጀርባውን አነበብኩ። አሥራ ሁለት ዘፈን፣ ሰባት እንግዳ። አራቱን አውቃቸዋለሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ አሉ። ሦስቱን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። የሁለቱ ስም አጠገብ ኤል ፓሶ ይላል። ኤል ፓሶ ቴክሳስ ነው፣ ከዚህ በመኪና አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ስልኬን አንስቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ።